ማር ወደ ውጭ ለመላክ የጤና ሰርተፊኬት በኦንላይን እንዴት ይጠየቃል? ከድሬዳዋና ከሐረር ለምትልኩ

ሳምንት ሳያልፍ አንድ ሰው ይደውልልኛል። "ስማ ወንድሜ፣ የጤና ሰርተፊኬት በኦንላይን ሆኗል አሉ። እስቲ ሊንኩን ላክልኝ።" እልካለሁ። በሦስተኛው ቀን ተመልሶ ይደውላል። "መለሱብኝ!" ከዚያ በቴሌግራም የአሥራ አምስት ደቂቃ ድምፅ እቀዳለሁ። ለሌላው ሰው ደግሞ እንደገና። አሁን ጉሮሮዬ ስለደከመ ጻፍኩት።

የምሠራው ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ለላኪዎች ሰነድ የሚያሰናዳ ትንሽ ቢሮ ውስጥ ነው። ምሳሌዬ ማር ነው። የሚጠይቁኝ አብዛኞቹ የሐረርጌን ማር ሰብስበው፣ አጣርተው፣ በበርሜል የሚልኩ ናቸውና። ሥጋ፣ ቆዳ ወይም የግመል ወተት የምትልኩም ቅደም ተከተሉን ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ። የሚለየውን በየቦታው እጠቁማለሁ።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ። የጤና ሰርተፊኬት የክፍያ ደረሰኝ አይደለም። የመንግሥት የእንስሳት ሐኪም "ይህን ዕቃ አይቼዋለሁ፤ ተቀባዩ አገር የጠየቀውን ያሟላል" ብሎ በስሙ የሚፈርመው ምስክርነት ነው። ስለዚህ ያላየውን አይፈርምም። ከእጁ በወጣ ዕቃ ላይም አይፈርምም። ወደ ኋላ ቀን አይጽፍም። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ማመልከቻው የሚገባው በኤሌክትሮኒክ የአንድ መስኮት አገልግሎት በኩል ነው። እኛ ቢሮ ሲንግል ዊንዶው እንለዋለን። ማመልከቻውን መርምሮ ሰርተፊኬቱን የሚሰጠው የኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን ነው። ጉምሩክም በዚያው መስኮት ስለሚሠራ እዚያ የሞላችሁት ቁጥር በኋላ ዲክላራሲዮኑ (ለጉምሩክ የሚቀርበው የዕቃ መግለጫ) ላይ ይጠብቃችኋል።

የሚያስፈልጓችሁ

ኮምፒውተሩን ከመክፈታችሁ በፊት እነዚህ ጠረጴዛ ላይ ይሁኑ፦

- የታደሰ የላኪነት ንግድ ፈቃድ፣ የንግድ ምዝገባና ቲን ቁጥር (10 አሃዝ ነው፤ አንድ ዜሮ ከፊት የሚያስቀር ሰው አይጠፋም)
- የማጣሪያ ቤቱና የመጋዘኑ የብቃት ማረጋገጫ
- ከገዢው ጋር የተፈረመ የሽያጭ ውል
- ኢንቮይስ እና ፓኪንግ ሊስት (የዕቃው አስተሻሸግ ዝርዝር)
- ከባንክ የወጣ የወጪ ንግድ ፈቃድ
- የላብራቶሪ ውጤት፣ የሎት ቁጥር ያለበት (ሎት ምን እንደሆነ ደረጃ 2 ላይ አለ)
- ማሩ ከማን፣ ከየትኛው ቀበሌ፣ መቼ፣ ስንት ኪሎ እንደተገዛ የሚያሳይ መዝገብ (ደብተርም ቢሆን ይሠራል፤ ንጹሕ ይሁን እንጂ)
- ገዢው የላከላችሁ የተቀባዩ አገር መስፈርት፣ ካለም የሰርተፊኬቱ ባዶ ቅጽ
- ሥራውን የሚሠራላችሁ ትራንዚተር (የጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚ) ከሆነ ውክልና
- በድርጅቱ ስም ያለ ኢሜይልና ሲም ካርድ

ሥጋ ላኪዎች ሐላል ሰርተፊኬት ይጨምራሉ። እሱን የሚሰጠው የኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት ነው። ከጤና ሰርተፊኬቱ ጋር አንድ ወረቀት የሚመስላቸው አሉ፤ ሁለት ናቸው። አንዱ ሌላውን አይተካም።

ደረጃ 1፦ ገዢውን የአገሩን መስፈርት በጽሑፍ ጠይቁ

"ሄልዝ ሰርተፊኬት ላኩልኝ" የሚል መልእክት መስፈርት አይደለም። ገዢያችሁ ከአገሩ የእንስሳት ጤና መሥሪያ ቤት የሚጠየቀውን ጠይቆ፣ ቅጹን ጭምር ይላክላችሁ። አንዳንድ አገር አስመጪው አስቀድሞ የማስገቢያ ፈቃድ እንዲያወጣ ይጠይቃል። ያ ፈቃድ ሳይወጣ የእናንተ ሰርተፊኬት ቢወጣ ዋጋ የለውም።

ለምን ይቅደም? ሐኪሙ የሚፈርመው እዚያ ቅጽ ላይ ባሉት ዓረፍተ ነገሮች ነው። ቅጹ "የአንቲባዮቲክ ቅሪት ተመርምሯል" ካለና እናንተ ያስመረመራችሁት የውኃ መጠኑን ብቻ ከሆነ፣ ሁለተኛ ናሙና፣ ሁለተኛ ክፍያ፣ ሁለተኛ ጥበቃ ነው።

ወደ አውሮፓ ኅብረት ለምትልኩ ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ኢትዮጵያ ማር እንዲገባ በተፈቀደላቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ አለች። ያ ግን አገሪቱን እንጂ የእናንተን መጋዘን አያስገባም። ከኅዳር 2017 ዓ.ም. ወዲህ ማሩን የሚያሰናዳው ድርጅትም ኅብረቱ በያዘው መዝገብ ላይ በስሙ መስፈር አለበት። መጀመሪያ ስማችሁ መኖሩን አረጋግጡ። ሁለተኛ፣ ሰርተፊኬቱ ዕቃው በሚገባበት ወደብ አገር ቋንቋ መዘጋጀት አለበት፤ ያ አገር ሌላ ቋንቋ እቀበላለሁ ካላለ በቀር። በሃምቡርግ የሚገባ ከሆነ ጀርመንኛውን አስቡ። "እንግሊዝኛ ሁሉም ቦታ ይሠራል" ብላችሁ አትተማመኑ፤ ገዢውን ጠይቁ።

ደረጃ 2፦ ማሩን በሎት ለዩ፣ ከዚያ ናሙና ይቀዳ

ሎት ማለት አንድ ላይ ተደባልቆ፣ አንድ ጊዜ ተጣርቶ በበርሜል የገባ ማር ነው። እያንዳንዱ በርሜል ላይ የሎት ቁጥርና የበርሜል ቁጥር በማይለቅ ቀለም ጻፉ። በክዳኑ ላይ ብቻ አትጻፉ። ክዳን ይቀያየራል። ጎኑ ላይም ይጻፍ።

ለምን? ላብራቶሪው የሚመሰክረው ስለ ናሙናው ነው። ናሙናውን ከበርሜሉ ጋር የሚያያይዘው የሎት ቁጥሩ ብቻ ነው። ሎት 14 ላይ አንቲባዮቲክ ቢገኝ ሎት 15 እንዲተርፍላችሁ ከፈለጋችሁ ልዩነቱ ወረቀት ላይ መኖር አለበት።

ለሰርተፊኬት የሚሆነውን ናሙና ራሳችሁ በሃይላንድ ጠርሙስ ቀድታችሁ አትላኩ። ተቆጣጣሪው ራሱ ይቅዳው፣ ያሽገው፣ ቁጥር ይስጠው። ለራሳችሁ ማወቂያ አስቀድማችሁ ማስመርመር ትችላላችሁ፤ እንዲያውም አስመርምሩ። ላብራቶሪው በአይኤስኦ 17025 (የላብራቶሪ ብቃት ዓለም አቀፍ መስፈርት) ዕውቅና ያገኘ መሆኑን፣ ዕውቅናውም እናንተ ለምትፈልጉት ምርመራ መሆኑን ጠይቁ። ለአፈር ምርመራ ዕውቅና ያለው ቤት ለማር ላይኖረው ይችላል።

አሁን የድሬ ሰዎች ጆሯችሁን ስጡኝ። ይህ ነገር በዋጋ ነው የተማርነው።

የማር መስፈርት ላይ ኤችኤምኤፍ የሚባል ቁጥር አለ። ማር ሲሞቅና ሲቆይ የሚጨምር ንጥረ ነገር ነው። ገደቡ በኪሎ 40 ሚሊ ግራም ነው። ከሞቃት አገር መሆኑ ለተገለጸ ማር 80 ድረስ ይፈቀዳል። የውኃ መጠኑ ደግሞ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይጠየቃል። ማር በ30 ዲግሪ በብዙ ወራት የሚደርስበትን ኤችኤምኤፍ በ40 ዲግሪ በሳምንታት ይደርስበታል። ግንቦት ላይ ድሬ ውስጥ ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው መጋዘን ገብታችሁ ታውቃላችሁ? በርሜሉን በእጅ መንካት አይቻልም።

አንድ ደንበኛችን ማሩን ሐረር አጣርቶ፣ አስመርምሮ፣ ደስ የሚል ውጤት ይዞ መጣ። "ለጭነት እንዲቀርበኝ" ብሎ በርሜሎቹን ድሬ፣ ሳቢያን ሰፈር አካባቢ ቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ደረደራቸው። ወረቀቱ ተጓተተ። ሁለት ወር ሞላ። የዛፍ ጥላ እንኳ የሌለበት ግቢ ነበር። ገዢው እንደገና ሲያስመረምር ቁጥሩ 40ን አልፎ ተገኘ። ሰውዬው "ስኳር ጨመርክ ሊሉኝ ነው እኮ!" ብሎ አለቀሰ ማለት ይቻላል። ስኳር አልጨመረም። ማሩን በጸሐይ ቀቀለው እንጂ።

ስለዚህ ሰርተፊኬቱ እስኪቃረብ ማሩን ሐረር አቆዩት። የደንገጎን ዳገት ሽቅብ ከወጣችሁ አየሩ ሌላ ነው፤ ሐረር ከድሬ ወደ 700 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። ድሬ ማስቀመጥ ግድ ከሆነ የግንብ ቤት፣ ከፍ ያለ ጣሪያ፣ ጥላ ይኑረው። የረጋ ማር ለማቅለጥ ብላችሁም በርሜሉን እሳት ላይ አትጣዱ።

ደረጃ 3፦ አንድ ዋና ወረቀት አዘጋጁ

ይህን ደረጃ ሁሉም ይዘለዋል። እኔ ደግሞ ከሁሉም በላይ የምወደው እሱን ነው። በአንድ ገጽ ላይ እነዚህን ጻፉ፦ የላኪ ስም፣ የተቀባይ ስምና አድራሻ፣ የዕቃው ስም፣ ኤችኤስ ኮድ (የዕቃው የጉምሩክ መለያ ቁጥር)፣ የሎት ቁጥሮች፣ የበርሜል ብዛት፣ የተጣራ ክብደት፣ ጠቅላላ ክብደት፣ የሚጫንበት ቦታ፣ የመውጫ ኬላ፣ የመዳረሻ አገር። ከዚያ ኢንቮይሱም፣ ፓኪንግ ሊስቱም፣ ማመልከቻውም የሚገለበጠው ከዚህ ገጽ ብቻ ነው። ከጭንቅላት አይጻፍም። ካለፈው ዓመት ፋይል ላይም አይገለበጥም።

ለምን? ማመልከቻ የሚመለሰው በአብዛኛው ዕቃው ስለተበላሸ አይደለም። አንዱ ወረቀት ሌላውን ስለማይመስል ነው።

ክብደቱን እንዲህ አስሉት። 64 በርሜል አላችሁ፤ እያንዳንዱ 300 ኪሎ ማር ይዟል። የተጣራው 19,200 ኪሎ ነው። ባዶው በርሜል 18 ኪሎ ቢመዝን 64 ጊዜ 18፣ 1,152 ኪሎ ይሆናል። ጠቅላላው 20,352። ሁለቱም ቁጥሮች በሁሉም ወረቀት ላይ አንድ ዓይነት ይሁኑ። በርሜሎቹ እኩል ካልተሞሉ በየበርሜሉ መዝኑና ፓኪንግ ሊስቱ ላይ ዘርዝሩ። "በግምት 19 ቶን" የሚባል ነገር የለም።

ስም ላይ ተጠንቀቁ። መሐመድን በእንግሊዝኛ ፊደል ስንት ዓይነት እንደሚጽፉት ታውቃላችሁ። ንግድ ፈቃዱ ላይ እንዳለው፣ ፊደል በፊደል ጻፉ። ድሬዳዋን ራሷን አንዱ ወረቀት አንድ ቃል፣ ሌላው ሁለት ቃል አድርጎ ይጽፋታል። አንዱን ምረጡ።

ቀን ደግሞ የእኛ ልዩ ጣጣ ነው። ግንቦት 15 ቀን 2017 የወጣ የላብ ውጤት "15/09/2017" ተብሎ ቢጻፍ ሮተርዳም ያለው ሰው የሚያነበው መስከረም 2017 በፈረንጅ ነው። የስምንት ዓመት ወረቀት ላካችሁልኝ ይላል። ትክክለኛው በእነሱ ሜይ 23 ቀን 2025 ነበር። ወደ ውጭ የሚሄድ ወረቀት ላይ ሁሉ የፈረንጅ ቀን፣ ወሩ በፊደል ተጽፎ። ላብራቶሪውንም ናሙና ስትሰጡ አስቀድማችሁ ንገሩት።

ደረጃ 4፦ ስካን

እያንዳንዱ ሰነድ ለብቻው ፒዲኤፍ ይሁን። 200 ወይም 300 ዲፒአይ በቂ ነው። ከዚያ በላይ ፋይሉን ያከብደዋል፤ ከዚያ በታች ማኅተሙ አይነበብም። በስልክ የምታነሱ ከሆነ የስካነር አፕ ተጠቀሙ፤ ጠረጴዛው ላይ ያለው የሻይ ብርጭቆ አብሮ የገባበት ፎቶ አይቼ አውቃለሁ። ጀርባው ላይ ማኅተም ወይም የእድሳት ምልክት ካለ ጀርባውም ይነሣ።

የፋይሉን ስም በእንግሊዝኛ ፊደልና በቁጥር ብቻ ጻፉ። በግዕዝ ፊደል የተጻፈ የፋይል ስም አንዳንድ ኮምፒውተር ላይ የጥያቄ ምልክት ብቻ ሆኖ ይታያል። "ስካን 1"፣ "ስካን 2" ብላችሁም አትተዉት። የሚመረምረው ሰው የትኛው ኢንቮይስ እንደሆነ ሳይከፍት ቢያውቅ ለእናንተው ይፈጥንላችኋል።

ደረጃ 5፦ አካውንቱ የእናንተ ይሁን

የድርጅቱ አካውንት በድርጅቱ ቲን፣ በድርጅቱ ኢሜይል፣ በድርጅቱ ስልክ ይከፈት። ትራንዚተሩ በውክልና ይሥራበት እንጂ በራሱ ኢሜይል አይክፈትላችሁ። ይህን የምለው ከሥራዬ አንጻር እንጀራዬን እንደመዝጋት ነው፤ ግን እውነቱ ይሄ ነው። አካውንቱን በጸሐፊያቸው የግል ኢሜይል ከፍተው፣ ልጅቷ አግብታ ጂጂጋ ስትሄድ ፓስዎርዱን ፍለጋ ሳምንት የፈጀባቸው አሉ።

ማስጠንቀቂያ፦ ፓስዎርድ በቴሌግራም ግሩፕ አይላክም። በእናንተ አካውንት የገባ ማመልከቻ የእናንተ ቃል ነው። ሐሰት ቢገኝበት የሚጠየቀው ፈቃዱ ላይ ስሙ ያለው ነው።

ደረጃ 6፦ ማመልከቻውን ሙሉ

ጠዋት ሥሩ። እኩለ ቀን ላይ ድሬ ራሷ ትተኛለች፤ ብትልኩም ሰው አያገኘውም። መብራትም ኔትወርክም የሚሻለው ጠዋት ነው። በየገጹ ድራፍት አድርጋችሁ አስቀምጡ። "ሲስተም የለም" ሲባል ከዜሮ እንዳትጀምሩ።

ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው ሳጥኖች እነዚህ ናቸው፦

የዕቃው ዓይነትና ኮድ። ማር 0409 ውስጥ ነው። ሰም 1521.90። የፍየል ሥጋ 0204.50፣ የግመል ሥጋ 0208.60። ሙሉውን አሃዝ ከኢትዮጵያ የታሪፍ መጽሐፍ ላይ አይታችሁ ሙሉ፤ ኢንቮይሱም ላይ ያው ይሁን። ማርና ሰም አንድ ኮንቴይነር ውስጥ ቢጫኑም በአንድ ማመልከቻ አትጠይቁ። ለአውሮፓ ማር ምግብ ነው፤ ሰም ደግሞ ለምግብ የማይውል የእንስሳት ተረፈ ምርት ተብሎ በሌላ ቅጽ ይሄዳል። ስሙንም "ነጭ ማር አንደኛ" አትበሉት። ኢንቮይሱ ላይ ያለው ስም ነው የሚጻፈው።

የመዳረሻ አገር። የድሬ ሰው ጅቡቲን ጎረቤቱ ስለሚያያት መዳረሻ ብሎ ይጽፋታል። ገዢያችሁ እዚያው ጅቡቲ ካልሆነ በቀር ጅቡቲ መተላለፊያ ናት። መዳረሻው ማሩ የሚበላበት አገር ነው። ይህ ለምን ከበደ? ሐኪሙ የትኛውን ቅጽ እንደሚጠቀም የሚወስነው መዳረሻው ነው። ጅቡቲ ብላችሁ ጽፋችሁ ለሳዑዲ የሚሆን ሰርተፊኬት አይወጣላችሁም።

የመውጫ ኬላ። ከድሬ በመኪናም በባቡርም የሚኬደው በደወሌ ነው። ካለፈ ማመልከቻ ላይ ስትገለብጡ "ጋላፊ" የሚለው አብሮ ይመጣል። እሱ በሚሌ በኩል ለሚሄድ ነው። ጉምሩክ ላይ ሰርተፊኬቱ ጋላፊ፣ ዲክላራሲዮኑ ደወሌ ብሎ ሲገናኝ መኪናው ይቆማል።

የኮንቴይነርና የፕሎምፕ (የኮንቴይነሩ ማሸጊያ) ቁጥር። ገና ካልተጫነ አትፈልስፉ። ሐኪሙ ሲጫን አይቶ ይሞላዋል፤ ወይም በዚያ ጊዜ ይሟላል። "በኋላ እናስተካክለዋለን" ብሎ የውሸት ቁጥር ማስገባት ማመልከቻውን በሙሉ ጥርጣሬ ውስጥ ይከተዋል።

ከመላካችሁ በፊት ሌላ ሰው ዋናውን ወረቀት ጮክ ብሎ ያንብብላችሁ። እናንተ ስክሪኑን እያያችሁ ተከተሉት። እኛ ቢሮ ሁለት ሆነን ነው የምናደርገው። አንዴ ብቻዬን ቸኩዬ 19,200ን 19,020 ብዬ ልኬዋለሁ። ዓይን የሚጠብቀውን ነው የሚያየው፤ ሦስት ጊዜ ደግሜ አንብቤ አላየሁትም። የባንኩ ፈቃድ ላይ ያለው ቁጥር ሌላ ሆነና ተመለሰ። ደንበኛው አራት ቀን የመጋዘን ኪራይ ከፈለ፤ ለእኔም ለሁለት ሳምንት ሰላምታ አልሰጠኝም።

ደረጃ 7፦ ላኩ፣ ክፈሉ፣ ተከታተሉ

ስትልኩ የማመልከቻ ቁጥር ይወጣል። ያንን ቁጥር ዋናው ወረቀት ላይ ጻፉት። ክፍያው ሲጠየቅ ሲስተሙ የሰጣችሁን የክፍያ ቁጥር ተጠቅማችሁ ክፈሉ፤ ደረሰኙን አስቀምጡ።

ማመልከቻው ማብራሪያ ተጠይቆበት ከተመለሰ አትደንግጡ። አልተከለከላችሁም። አስተያየቱን እስከ መጨረሻው አንብቡ፤ የተጠየቀውን ብቻ አስተካክሉ፤ በዚያው ማመልከቻ መልሳችሁ ላኩ። ተናዳችሁ አዲስ አትክፈቱ። ለአንድ ጭነት ሁለት ማመልከቻ ሲታይ መርማሪው የትኛው እውነት እንደሆነ ማጣራት ይኖርበታል፤ ሁለቱም ይቆማሉ።

ደረጃ 8፦ ምርመራና ጭነት

ሐኪሙ ሲመጣ በርሜሎቹ ቁጥራቸው በሚታይበት መንገድ ይደርደሩ። መሰላል፣ መክፈቻ፣ ንጹሕ ማንኪያ፣ ፋኖስ ወይም የእጅ ባትሪ ይኑር። የግዢ መዝገቡን አቅርቡ። የሚያውቅ ሰው ይገኝ፤ ዘበኛው ብቻ አይበቃም። የሚጠይቃችሁ ቀላል ነገር ነው፦ "ይህ በርሜል ከየት መጣ?" መልሱን ደብተሩ ላይ በጣታችሁ ማሳየት ከቻላችሁ ሥራው ያልቃል።

ኮንቴይነሩን ከመጫናችሁ በፊት ውስጡን አሽትቱ። ከዚህ በፊት ኬሚካል ወይም ጥሬ ቆዳ ጭኖ ከነበረ ማር ሽታ ይስባል። የእንጨት ፓሌት ካለ ታክሞ የዓለም አቀፉ ምልክት የተመታበት ይሁን። ሕክምናው እንጨቱ ውስጡ 56 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ እንዲሞቅ ማድረግ ነው። ያልታከመ እንጨት ማሩ ንጹሕ ሆኖ ሳለ ጭነቱን ወደብ ላይ ያስይዘዋል።

ማስጠንቀቂያ፦ ሰርተፊኬቱ ሳይፈረም መኪናው ከድሬ አይንቀሳቀስ። "ጅቡቲ ሳይደርስ ፒዲኤፉን እልክለታለሁ" የሚሉ አሉ። እስከ ጅቡቲ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሐኪሙ ከሄደ በኋላ አልፈርምም ካለ ያው መንገድ በተመላሽ ኪራይ ነው። ሥጋ ከሆነ ደግሞ የሚመለስም ነገር አይኖር።

ደረጃ 9፦ ሰርተፊኬቱን እዚያው ፈትሹ

እጃችሁ እንደገባ ከቢሮው ሳትወጡ ከዋናው ወረቀት ጋር አነጻጽሩ። ስም፣ ክብደት፣ ሎት፣ ፕሎምፕ፣ ቀን፣ መዳረሻ። የሰርተፊኬቱ ቁጥር በሁሉም ገጽ ላይ መኖሩን እዩ። ለአውሮፓ ከሆነ ፊርማው ከኅትመቱ በተለየ ቀለም መሆን አለበት፤ ኅትመቱ ጥቁር ከሆነ ሰማያዊ እስክሪብቶ ማለት ነው። የማይመለከታችሁ ዓረፍተ ነገር ተሰርዞ አጠገቡ በሐኪሙ አጭር ፊርማ መረጋገጥ አለበት።

ስሕተት ካገኛችሁ ራሳችሁ እንዳትነኩት። በፍሉድ ማጥፋት፣ በእስክሪብቶ ማረም፣ በኮምፒውተር ማስተካከል የሰነድ ማጭበርበር ነው። ለሰጠው ሰው መልሱት፤ እሱ ይተካላችኋል።

ደረጃ 10፦ ኦሪጂናሉ ከዕቃው ጋር

ማመልከቻው ዲጂታል ሆነ ማለት ወረቀቱ ቀረ ማለት አይደለም። ብዙ ተቀባይ አገር እስካሁን በእርጥብ ማኅተምና ፊርማ ያለውን ኦሪጂናል ይፈልጋል። ገዢው አገር በኤሌክትሮኒክ ብቻ እንደሚቀበል በጽሑፍ ካልነገራችሁ ኦሪጂናሉን ላኩ። ስካኑን ደግሞ በዚያው ቀን ለገዢው ላኩለት። የአውሮፓ ገዢ ዕቃው ወደብ ከመድረሱ በፊት ትሬስስ በሚባለው የኅብረቱ ሲስተም ማስታወቅ አለበት። ለዚያ የእናንተ የሰርተፊኬት ቁጥር ያስፈልገዋል።

ደጋግሜ የማያቸው ሌሎች ስሕተቶች

- ንግድ ፈቃዱ ሳይታደስ ማመልከት። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሁሉም "አድሳለሁ" ይላል። ማመልከቻው ግን ዛሬ ያለውን ነው የሚያየው።
- የላብ ውጤቱ በማጣሪያ ቤቱ ስም፣ ማመልከቻው በላኪው ስም። ሁለቱን የሚያገናኝ ውል አያይዙ።
- ከተመረመረ በኋላ ሁለት በርሜል መጨመር። "ቦታ ተርፏል" ተብሎ። እነዚያ ሁለቱ ያልተመረመሩ ናቸው፤ ብዛቱም ክብደቱም ተለወጠ። ለሚቀጥለው ጭነት አቆዩአቸው።
- መርከቡ የሚነሣበትን ቀን ይዞ መሮጥ። ከናሙናው ቀን ጀምራችሁ ወደፊት ቁጠሩ፤ መርከቡን ከዚያ በኋላ ያዙ። የሚቀጥለው መርከብ ከተጣለ ጭነት ይረክሳል።
- የቆየ ሰርተፊኬት ለአዲስ ጭነት ማቅረብ። አንድ ሰርተፊኬት ለአንድ ጭነት ነው።

ለሾፌሩ የምሰጠውን ፖስታ እንዲህ አዘጋጀዋለሁ። ውኃ በማይገባው ፕላስቲክ፣ ኦሪጂናል ሰርተፊኬቱ ከላይ፣ ኢንቮይስና ፓኪንግ ሊስት ከሥር፣ ሁለት ሁለት ፎቶ ኮፒ። ፖስታው ላይ የፕሎምፑን ቁጥርና የእኔን ስልክ በትልቁ እጽፋለሁ። ሾፌሩን "ስልክህ ላይ ልላክልህ?" አልለውም። ደወሌ ላይ ኔትወርክ ሲጠፋ ስልኩ ውስጥ ያለው ፒዲኤፍ አይከፈትም። ባትሪውም ዘፈን ሲሰማበት አልቆ ይሆናል። ፖስታውን ዳሽቦርዱ ላይ ጸሐይ የሚመታው ቦታ እንዳይጥለው ግን እነግረዋለሁ። ከመቀመጫው ጀርባ ያድርገው።